ብላቴን ጌታ ኅሩይ ቶክዮ ላይ ምን አዩ?

ከጃፓን ጋር እኩል ነበርን የሚለው ወሬ የማይነሳበት የአዲስ አበባ ካፌ ያለ አይመስለኝም። አንዳንዱማ ጭራሽ ይብስበትና ጃፓኖች በምኒልክ ጊዜ መጥተው ከእኛ ተምረው ሄዱ ይላል። ተምረናል የምንለው ሰዎችም ይህን እየሰማን በቁጭት ራሳችንን እንነቀንቃለን። እኔ ግን ወሬው በተነሳ ቁጥር አንድ ሰው ትዝ ይሉኛል። ያንን አገር በዓይናቸው አይተው፣ በእግራቸው ረግጠው፣ ተመልሰውም መጽሐፍ የጻፉልን ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። እሳቸው እኩል ነን ብለው ቢያምኑ ኖሮ ያን ሁሉ ባሕር ባላቋረጡ ነበር።

የኅሩይ ስም ሲነሳ ቶሎ የሚታወሰን ደራሲነታቸው ነው። «ወዳጄ ልቤ»ን እና «አዲስ ዓለም»ን ጨምሮ ከሃያ በላይ መጻሕፍት ጽፈዋል፤ የራሳቸውን ማተሚያ ቤት አቋቁመውም ጎሐ ጽባሕ ብለው ሰይመውታል። ስለዚህ ጎናቸው የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ብዙ ብለዋልና እኔ አልገባበትም። እኔን የሚያሳስበኝ ዲፕሎማቱ ኅሩይ ነው። ከሩቅ ምሥራቅ ለአገራቸው ወዳጅ ሊያበጁ ተነስተው፣ በመጨረሻ ያ ወዳጅ ከጠላት ጋር ሲስማማ ከስደት ሆነው የተመለከቱት ሰው። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ያልኩት የእኛው አቆጣጠር ነው፤ የፈረንጁ ሲሆን እ.ኤ.አ. እላለሁ።)

የተወለዱት በ1870 ዓ.ም. ገደማ መርሐቤቴ ውስጥ ነው። የመጀመሪያ ስማቸው ገብረ መስቀል ነበር፤ ኅሩይ የተባሉት በኋላ ነው። ያደጉት በቤተ ክህነት ትምህርት ሲሆን እንጦጦ ራጉኤልም አገልግለዋል። በልጅነታቸው ባሕር ማዶ ተልከው የተማሩ ሰው አይደሉም። ይሁን እንጂ በዘመናቸው የእሳቸውን ያህል ዓለምን የዞረ ኢትዮጵያዊ በጣት የሚቆጠር ነው። በ1903 ዓ.ም. የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ዘውድ ሲደፉ ለንደን ከተላኩት መልእክተኞች አንዱ ነበሩ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1911 ዓ.ም. ለአሸናፊዎቹ መንግሥታት የደስታ መግለጫ ይዞ ከሄደው ልዑክ ጋር አሜሪካ ደረሱ። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ ራስ ተፈሪ አውሮፓን ሲጎበኙ ከተከታዮቻቸው መካከል ነበሩ።

በአገር ውስጥ ከያዟቸው ሥራዎች ውስጥ ለእኔ ትልቅ ትርጉም ያለው አንዱ ነው። የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትን ከመሩ በኋላ የልዩ ፍርድ ቤት ኃላፊ ሆነው ሠርተዋል። ልዩ ፍርድ ቤቱ ምን እንደነበረ ሕግ ያልተማረ አንባቢ ላያውቅ ይችላልና ጥቂት ልበል። በ1900 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከፈረንሳይ ጋር የክሎቡኮቭስኪ ውል የሚባለውን ስምምነት ተፈራረሙ። የውሉ ሰባተኛ አንቀጽ የፈረንሳይ ዜጎችና ጥገኞቻቸው እርስ በርስ ሲካሰሱ በራሳቸው ቆንስል እንዲዳኙ፣ ከኢትዮጵያዊ ጋር ሲጣሉ ደግሞ ጉዳዩ ቆንስሉ በተገኘበት እንዲታይ የሚፈቅድ ነበር። የሌሎቹ አገሮች ሰዎችም ይኸው ይገባናል አሉ። ስለዚህ አንድ የአራዳ ነጋዴ ከአንድ ባለሱቅ ፈረንጅ ጋር ሲጣላ፣ ክርክሩ የሚሰማው ኢትዮጵያዊው ዳኛና የፈረንጁ ቆንስል ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው። ተከሳሹ ፈረንጅ ከሆነ የሚሠራበት ሕግ እንኳ የፈረንጁ ነው። ኅሩይ የተቀመጡት እዚያ ወንበር ላይ ነበር። አንድ አገር በራሷ ከተማ፣ በራሷ ችሎት፣ ግማሽ ዳኛ ብቻ እንደሆነች በየቀኑ የሚያሳይ ወንበር ነው።

ለምን ጃፓን የሚለው ጥያቄ በከፊል መልስ የሚያገኘው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ብዙ ጊዜ የሚነገረን ጃፓን ሩሲያን እ.ኤ.አ. በ1904 እና 1905 ማሸነፏ ነው። እውነት ነው፤ አድዋን የሚያስታውስ ድል ስለነበር የዘመኑን ምሁራን ልብ ማርኳል። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም ከኅሩይ ቀድመው ጃፓንን በምሳሌነት አንስተዋል። እኔ ግን ከጦርነቱ ድል ይልቅ የሕጉ ድል ይበልጥብኛል። ጃፓንም እንደ እኛ የቆንስል ፍርድ ተጭኖባት ነበር፤ ቀረጥዋን እንኳ እንደፈለገች መወሰን አትችልም ነበር። እሷ ግን ሕገ መንግሥት ጻፈች፣ የፍትሐ ብሔርና የወንጀል ሕግ አወጣች፣ ዳኞች አሠለጠነች፤ ከዚያም ሕግ አለን፣ እናንተም በእኛ ሕግ ተዳኙ አለች። እ.ኤ.አ. በ1894 እንግሊዝ እሺ ብላ ፈረመች፤ በ1899 የቆንስል ፍርድ ቤቶቹ ተዘጉ፤ በ1911 ደግሞ የቀረጡ ነጻነት ተመለሰ። እኛ የተሟላ የፍትሐ ብሔር ሕግ ያወጣነው በ1952 ዓ.ም. ነው።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ኢትዮጵያና ጃፓን የመጀመሪያውን ውል የተፈራረሙት በ1919 ዓ.ም. ሲሆን፣ የወዳጅነትና የንግድ ውሉ በኅዳር 1923 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተፈረመ። የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ በዓል ገና ማለፉ ነበር። ቱርክ የነበሩት የጃፓን መልእክተኛ ለበዓሉ መጥተው ነበርና በዚያው ውሉን ፈርመው ሄዱ። በሐምሌ 1923 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥታችን ታወጀ። በጅሮንድ ተክለ ሐወርያት ተክለ ማርያም ሲያረቅቁት ከፊታቸው የነበረው ዋናው ናሙና እ.ኤ.አ. የ1889 የጃፓን ሕገ መንግሥት ነው። የእነሱ 76 አንቀጽ ነበረው፤ የእኛው 55። ሁለቱም የንጉሠ ነገሥቱን ዘር ካልተቋረጠ ጥንታዊ ሐረግ ይመዝዛሉ፤ ሁለቱም ንጉሠ ነገሥቱን የማይደፈር ያደርጋሉ። ልዩነቱ ያለው የጃፓኑ ቢያንስ የታችኛውን ምክር ቤት በሕዝብ ሲያስመርጥ፣ የእኛው ሕዝቡ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ ብሎ ምርጫውን ለመኳንንቱ መተዉ ላይ ነው።

ኅሩይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ወደ ጃፓን የተጓዙት ይህ በሆነ በጥቂት ወራት ውስጥ ነው። ለዘውዱ በዓል የተላከውን መልእክተኛ ብድር ለመመለስ ተብሎ የተዘጋጀ ጉዞ ነበር። አርአያ አበበ፣ ተፈሪ ገብረ ማርያምና ዳባ ብሩ አብረዋቸው ነበሩ። በባቡር ጅቡቲ ወርደው፣ ከዚያ በመርከብ የሕንድን ውቅያኖስ አቋርጠው፣ በ1924 ዓ.ም. የበጋ መግቢያ ጃፓን ደረሱ። በዚያን ጊዜ የ30 ዓመት ወጣት የነበሩት ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ በቤተ መንግሥታቸው ተቀበሏቸው። ቶክዮን፣ ኦሳካን፣ ኪዮቶን ጎበኙ። ፋብሪካ፣ ትምህርት ቤት፣ የጦር መሣሪያ መሥሪያ ቦታ አዩ። ጋዜጠኛው ይከተላቸዋል፤ ሕዝቡ በየመንገዱ ይወጣላቸዋል። አውሮፓ ውስጥ እንደ ብርቅ የታዩ ሰዎች እዚያ እንደ ዘመድ ታዩ ማለት ይቻላል። ይህ በሰው ልብ ላይ የሚሠራውን ነገር ቀላል አድርጎ ማየት አይገባም።

ሲመለሱ በዚያው ዓመት ያሳተሙት መጽሐፍ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1934 በጃፓንኛ ታትሟል። መጽሐፉ የጉዞ ማስታወሻ ብቻ አይደለም፤ የሁለቱን አገሮች ታሪክ ጎን ለጎን አስቀምጦ ያመሳስላል። ሁለቱም ከጥንት የወረደ ያልተቋረጠ የነገሥታት ሐረግ አላቸው። ሁለቱም ዋና ከተማቸውን ከቦታ ቦታ ሲያዛውሩ ኖረዋል። እኛ ንጉሡ በስም ብቻ የነገሠበት ዘመነ መሳፍንት ነበረን፤ እነሱም ሾጉን የሚባሉት የጦር አለቆች ንጉሣቸውን አስቀምጠው ራሳቸው ይገዙ ነበር። እኛ በአፄ ፋሲል ጊዜ የኢየሱሳውያንን ሚሲዮኖች አስወጣን፤ እነሱም በዚያው ክፍለ ዘመን ፖርቱጋሎችን አባረው በራቸውን ዘጉ።

ንጽጽሩ ያምራል፤ ሐሰትም አይደለም። ግን ሰውን ያሳስታል። ጃፓን በሯን ዘግታ በኖረችበት ከ200 ዓመት በላይ ጊዜ ከተሞቿ ሲያድጉ፣ ነጋዴዎቿ ሲከብሩ፣ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሕዝቧ ሲበዛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1872 የመጀመሪያዋ ባቡር ሄደች፤ በዚያው ዓመት ሕፃናት ሁሉ ትምህርት ቤት እንዲገቡ ታወጀ። የእኛው ምኒልክ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም.። ኅሩይ ኦሳካ ላይ የጥጥ መፍተያዎቹን ሲያዩ ይህን ርቀት አላዩትም ማለት አልችልም። አይተውታል፤ ለዚህም ነው የብርሃን ማደሪያ ያሏት። ዛሬ እኩል ነበርን የምንለው እኛ ነን እንጂ እሳቸው አላሉም። የእሳቸው ተስፋ ሌላ ነበር፤ ከተመሳሰልን እነሱ የሄዱበት መንገድ ለእኛም ይሆናል፣ ከተመሳሰልን ደግሞ አይጥሉንም የሚል።

አሁን የጉዞውን ቀን ልብ በሉልኝ። የጃፓን ጦር ሙክደን ላይ የባቡር ሐዲድ ፈንዳብኝ ብሎ ማንቹሪያን መውረር የጀመረው በመስከረም 1924 ዓ.ም. ነው። የቻይና አቤቱታ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ሲታይ ኅሩይ ቶክዮ ውስጥ ግብዣ ላይ ናቸው። በ1916 ዓ.ም. የማኅበሩ አባል የሆነችውና ነጻነቷን በማኅበሩ ቃል ኪዳን ላይ የጣለችው ኢትዮጵያ፣ ያንን ቃል ኪዳን በመጀመሪያ ካፈረሰው ኃይል ዘንድ ወዳጅነት እየፈለገች ነበር ማለት ነው። በዚያው ሰሞን የጃፓን ካቢኔ ወደቀ፤ የተተኩትን ጠቅላይ ሚኒስትር በግንቦት 1924 ዓ.ም. የባሕር ኃይል መኮንኖች ገደሏቸው። የሕግ ሰው ሆኜ ስመለከተው፣ ያ የቀዳነው የጃፓን ሕገ መንግሥት ቀዳዳው እዚህ ላይ ነበር። የጦር ሠራዊቱ አዛዥነት ለንጉሠ ነገሥቱ ብቻ የተተወ በመሆኑ ጦሩ ለካቢኔው አልታዘዝም ማለት ይችል ነበር፤ አለም። በመጋቢት 1925 ዓ.ም. ጃፓን ከመንግሥታት ማኅበር መውጣቷን አስታወቀች።

ንግዱ ግን ደርቶ ነበር። አሜሪካኖች ያስለመዱንን አቡጀዲ የጃፓን ሸቀጥ ከገበያ እያስወጣው ሄደ። ምክንያቱ ወዳጅነት አልነበረም። ጃፓን በታኅሣሥ 1924 ዓ.ም. ገንዘቧን ከወርቅ ስታላቅቅ የየን ዋጋ ወረደ፤ የኦሳካ ጨርቅም በዓለም ገበያ ማንም የማይወዳደረው ርካሽ ሆነ። ዓለም በኢኮኖሚ ድቀት ተመትቶ፣ የቡናና የቆዳ ዋጋ ወድቆ፣ የገበሬው እጅ ባጠረበት ጊዜ ርካሽ ጨርቅ እንደ መና ነው። ጨርቁ በጅቡቲ በኩል ይገባል፤ ወደ ገበያው የሚያስገቡት በአብዛኛው የሕንድ ነጋዴዎች ናቸው። ጃፓን በበኩሏ ከእኛ የምትገዛው ኢምንት ነበር። ስለዚህ የተባለለት የሁለቱ ንጉሣውያን አገሮች ንግድ በተግባር አንዱ ሻጭ፣ ሌላው ገዢ የሆነበት ነገር ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የአውሮፓን ጋዜጦች ያናወጠው ጋብቻው ነው። ከኅሩይ ጋር ተጉዘው የነበሩት የንጉሣውያኑ ዘመድ አርአያ አበበ ጃፓናዊት ለማግባት ፈለጉ። ሱሚዮካ የሚባል የቶክዮ ጠበቃ አማላጅ ሆኖ (የሙያ ባልደረባዬ የማይገባበት ነገር የለም) ጉዳዩ በጋዜጣ ወጣ፤ ብዙ ወጣት ሴቶችም ለመታጨት አመለከቱ። የተመረጠችው የአንድ መኳንንት ልጅ ማሳኮ ኩሮዳ ነበረች። ወሬው በአንዴ ዓለምን አዳረሰ። በተለይ የኢጣሊያ ጋዜጦች ነገሩን አጋነኑት፤ ከሙሽራይቱ ኋላ የጃፓን ገበሬዎች በገፍ መጥተው በኢትዮጵያ መሬት ላይ ጥጥ ሊዘሩ ነው፣ ሰፊ መሬት ተሰጥቷቸዋል፣ ቢጫው አደጋ አፍሪካ ሊገባ ነው እያሉ ጻፉ። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ የነበሩት ጃፓናውያን እፍኝ አይሞሉም። እ.ኤ.አ. በ1934 ጋብቻው ቀረ። የቀረው የኢጣሊያን ቁጣ በመፍራት ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኔ እንደሚመስለኝ ኢጣሊያ ጃፓኖችን ፈርታ አይደለም የወረረችን፤ ለወረራው ግን የጃፓን ስም ጥሩ ሰበብ ሆኖላታል። ኅሩይ ጋሻ ይሆናል ብለው ያመጡት ወዳጅ ለከሳሹ ማስረጃ ሆነ።

ወልወል ላይ በኅዳር 1927 ዓ.ም. ተኩስ ከተከፈተ በኋላ የኅሩይ መሥሪያ ቤት እንቅልፍ አልነበረውም። ዳባ ብሩ ዳግመኛ ወደ ጃፓን ተላኩ። የጃፓን ሕዝብ ስሜት እውነተኛ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ማኅበራት ተቋቁመዋል፣ ሰልፍ ተወጥቷል፣ ሄደን እንዋጋለን ያሉም ነበሩ። መንግሥታቸው ግን ሌላ ሒሳብ ነበረው። በሐምሌ 1927 ዓ.ም. ሮም የነበሩት የጃፓን አምባሳደር ሱጊሙራ አገራቸው በኢትዮጵያ ጉዳይ ጣልቃ የመግባት ሐሳብ እንደሌላት ለሙሶሊኒ ነገሩት። ይህ ሲሰማ ቶክዮ ውስጥ ጩኸት ተነሳ፤ ጩኸቱ ጥይት ሆኖ ግን ወደ እኛ አልመጣም። ኢጣሊያ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወረረች። ጃፓን አዲስ አበባ ላይ ሌጋሲዮን የከፈተችው በጦርነቱ መካከል ነው። በር የተከፈተው ቤቱ ሲቃጠል መሆኑ ነው።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲወጡ ኅሩይም ተከትለው ወጡ። በኢየሩሳሌም አድርገው እንግሊዝ ገቡ፤ ባዝ በምትባለው ከተማ ፌርፊልድ የሚባለው ቤት የስደተኛው ቤተ መንግሥት ሆነ። በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ቶክዮና ሮም ተዋዋሉ። ጃፓን አዲስ አበባ ያለውን ሌጋሲዮኗን ወደ ቆንስላ ዝቅ አድርጋ የኢጣሊያን ገዢነት በተግባር ተቀበለች፤ ኢጣሊያ ደግሞ ጃፓን በያዘችው ማንቹሪያ፣ ሙክደን ላይ ቆንስላ እንድትከፍት ተስማማች። በሕግ ቋንቋ ይህ የመስጠትና የመቀበል ውል ነው። የሰጡት የየራሳቸውን አልነበረም።

ያ ዓመት ለኅሩይ ሌላም መከራ አምጥቷል። ካምብሪጅ የተማረው ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ በ1929 ዓ.ም. በኢጣሊያኖች ተገደለ። ሁለተኛው ልጃቸው ሲራክ ተርፎ፣ በኋላ የሳሙኤል ጆንሰንን «ራስላስ» ወደ አማርኛ መልሷል።

ኅሩይ የሞቱት በመስከረም 1931 ዓ.ም. እዚያው ባዝ ውስጥ ነው። በቀብራቸው ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ንግግር አደረጉ። አንዳንድ ጸሐፊዎች ኅሩይን በጃፓን ነገር የዋህ ነበሩ ብለው ይፈርዱባቸዋል። እኔ አልስማማም። በጊዜው የነበሩትን አማራጮች ቆጥሩ። እንግሊዝና ፈረንሳይ በ1899 ዓ.ም. ከኢጣሊያ ጋር ሆነው አገሪቱን በወረቀት ላይ በየጥቅማቸው ተከፋፍለዋት ነበር። አሜሪካ ሩቅ ናት፤ የማኅበሩም አባል አይደለችም። ቅኝ ገዢ ሆና አፍሪካ ያልገባች፣ መሣሪያ የምትሠራ፣ ነጭ ያልሆነች ኃያል አገር በዓለም ላይ አንዷ ብቻ ነበረች። ያቺን በር አለማንኳኳት ነበር የዋህነት። የሚወቀሱ ከሆነ መመሳሰልን እንደ ዝምድና በመቁጠራቸው ይወቀሱ፤ በዚህ ደግሞ ብቻቸውን አልነበሩም፤ ቶክዮ ላይ ሰልፍ የወጣው ሕዝብም እንደሳቸው ነበር ያሰበው።

አስከሬናቸው ከነጻነት በኋላ ወደ አገሩ ተመልሷል። ሁለቱ አገሮች ግንኙነታቸውን ያደሱት በ1947 ዓ.ም. ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የሚለውን መጽሐፋቸውን አሳትመው ነበር። በኅዳር 1949 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ቶክዮ ገቡ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጃፓን የተቀበለቻቸው የመጀመሪያው የውጭ አገር ርእሰ ብሔር ናቸው። የተቀበሏቸው ያው ሂሮሂቶ ነበሩ፤ ከ25 ዓመት በፊት ኅሩይን የተቀበሉት። ያ ከእነሱ የቀዳነው የ1889 ሕገ መንግሥት ጃፓን ውስጥ ከተሻረ ዘጠኝ ዓመት አልፎት ነበር። እኛም ዓመት ቀደም ብለን፣ በ1948 ዓ.ም.፣ የእኛውን አሻሽለን ነበር፤ የንጉሠ ነገሥቱ አለመደፈር ግን እንዳለ ነበር።